በመንገድ ዳር የቆመው ረኃብተኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሁሉ መርሳን ያውቃታል። መርሳ ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወልድያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ የደጋው ተራራ ተደርድሮ ይታያል፤ በስተ ምሥራቋ አገሩ እያሽቆለቆለ ወደ አፋር በረሓ ይወርዳል። ጥንት የጁ ይባል የነበረው የዚህ አገር ገበሬ ማሽላና ጤፍ ሲዘራና ሲያፍስ የኖረ ነው፤ ዝናቡ በጊዜው ከመጣለት ምድሩ አይነፍገውም። ጎዳናውን ጣልያን በወረራው ዘመን ለጦሩ መመላለሻ አድርጎ ሠራው። ከነጻነት በኋላ ግን እህልና ጨው፣ ልብስና ነዳጅ የጫነ መኪና ሌት ተቀን የሚመላለስበት የንግድ መንገድ ሆነ።

ይህን መንገድ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ረኃብተኛው ከየመንደሩ እየወረደ የተሰበሰበው በዚሁ ጎዳና ዳር ነበር። በእግሩ መሄድ የቻለው መኪናውንና አውቶቡሱን እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር፤ ያልቻለው ከመንገዱ ጠርዝ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው የወደቀው ምንም በሌለበት ምድረ በዳ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የወደቀው እህል በዓይኑ ፊት በሚያልፍበት፣ ገንዘብ ያለው ሰው በመስኮት በሚያየው ስፍራ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ርኅራኄ ከሕዝቡ ልብ ጠፍቶ ነበርን? ወይስ ርኅራኄው እያለ የሚደርስበት መንገድ ታጥቶ ነበር? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው።

ወሎን የሚያውቅ ሰው፣ የወሎን ሰው በልበ ደረቅነት አይከሰውም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር ተጎራብተው፣ በጋብቻም ተዛምደው የሚኖሩበት አገር ነው። ክርስቲያኑ በሰንበቴና በማኅበር፣ በተዝካርና በዓመት በዓል ድኻ ያበላል፤ ሙስሊሙ ዘካውን ያወጣል፣ ሰደቃውን ያበላል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። መሽቶበት ከደጃፍ የቆመ መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ ዘሩና አገሩ ሳይመረመር እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል።

ከዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ብንናገር ከጉዳያችን አያርቀንም። አማርኛችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቢጤ ማለት አምሳያ፣ እኩያ ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ቃል ያወጡት አባቶች፣ ሳንቲም ለሚጠይቃቸው ሰው «አንተ እኔን ትመስላለህ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ቃሉ ዛሬ ስለተለመደ ትርጕሙ ከጆሯችን ርቋል። በመሥሪያ ቤቶቻችን የምንሠራባቸው «ተረጂ»ና «ተፈናቃይ» የሚሉት ቃላት ለመዝገብ የሚመቹ ቢሆኑም፣ ጸሓፊውንና የተጻፈለትን ሰው በአንድ ወገን አያቆሟቸውም።

ይሁን እንጂ የዱሮው ቸርነት አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት። ቸርነቱ የሚሠራው ጥቂቱ ሲቸገርና ብዙው ሲኖረው ነው። መንደሩ በሞላ በአንድ ክረምት ባዶ በቀረ ጊዜ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ምን ይበደራል? ሰንበቴውን የሚደግሰው ሰው ራሱ የሚበላው አጥቷል፤ ዘካ የሚያወጣው ሰው ራሱ ዘካ የሚገባው ሆኗል። በዚህ ጊዜ የተራበው ሰው መከራው ወዳልደረሰበት ሰው መሄድ ግድ ይሆንበታል። ያም ማለት ወደ ከተማ፣ ወደ አውራ ጎዳና፣ ወደ መንግሥት ደጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የጎረቤት መሆኑ ቀርቶ የአስተዳደር ይሆናል።

የዚህን ምሳሌ በ«ክፉ ቀን» እናገኛለን። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የመጣው የደስታ በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ እንደ ጠፋ ይገመታል። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በላ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው በዚህ መከራ ያልተጎዳ ጠቅላይ ግዛት አልነበረም ማለት ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው አበሉ፤ የበሬ ሥጋ መብላትንም ተዉ። ያለ በሬ ማረስ ውርደት ለመሰለው መኳንንትና ሕዝብ ምሳሌ ይሆን ዘንድ፣ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ።

ይህ በእውነት የሚደነቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የንጉሥ ርኅራኄ የሚደርሰው ዓይኑ እስከሚደርስበት ነው። በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረው በላ፤ ብዙ ቀን ተጉዞ ሊደርስ ያልቻለው በመንገድ ቀረ። ስልክም፣ የመኪና መንገድም፣ በየአውራጃው ጎተራ የሚጠብቅና ወሬ የሚያቀርብ ሹም ገና ያልተደራጀበት ዘመን ነበርና በዚህ ማንንም ልንወቅስ አንችልም። ልንወቅስ የሚገባን፣ ስልኩም መንገዱም መሥሪያ ቤቱም ከተሠራ በኋላ የሆነውን ነው።

በ1958 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ገባ። ነገሩ እንደ 1965ቱ በዓለም አልተሰማም፤ ዛሬም የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ ባደረጉት ጥናት እንደ ገለጹት፣ የወረ ኢሉ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት ችግሩን አይተው ጻፉ፤ ወረቀቱም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም በጊዜው ለነበረው የመገናኛ ሁኔታ ፈጣን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ አዘዙ። ሚኒስቴሩም ትእዛዙን ሲፈጽም፣ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ ብሎ ወደ ወሎ ጻፈ።

እስቲ አንባቢ 302 ቀንን ከገበሬ ሥራ ጋራ ያስተያየው። ዓመት ሊሞላ 63 ቀን ብቻ የቀረው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ እህሉንም ጎተራ አግብቶ መብላት ይጀምራል። ወረቀቱ ግን ከሕንፃ ሕንፃ፣ ምናልባትም ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላ ፎቅ ነው የተጓዘው።

እኛ በመንግሥት ሥራ የምንገኝ ሰዎች መዝገብ እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። አንዱ «ለሚመለከተው ይመራ» ይላል፤ ሁለተኛው «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ቀኑ ሳይመች ቀርቶ ወረቀቱን ከሌላ ወረቀት ሥር ያኖረዋል። ከእነዚህ መካከል ጨካኝ የሚባል ሰው ላይኖር ይችላል። እያንዳንዳቸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላለው የኔ ቢጤ እጃቸውን የሚዘረጉ ሊሆኑ ይችላሉ። በዓይን የታየ ድኻ ያሳዝናል፤ በወረቀት የተጻፈ ድኻ ግን «ጉዳይ» ይሆናል። ክፉ ሰው ሳይኖር ክፉ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የወረ ኢሉ ደብዳቤ አስረጂ ነው።

የስም ዝርዝሩንም ነገር ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። የሞተን ሰው ስም መጻፍ በራሱ ማክበር ነው። ነገር ግን እህል ሊላክለት የሚገባው በሕይወት ያለው ነበር፤ የእርሱን ስም የጠየቀ አልነበረም።

ከዚህ ሰባት ዓመት በኋላ የመጣው መከራ ከዚህኛው እጅግ የሰፋ ነው። የ1964 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ሳይበቃ ቀረ፤ ተከትሎ የመጣው የ1965 በልግም እንደዚሁ ሆነ። በታኅሣሥ 1965 አንድ ሺህ ያህል ረኃብተኞች ጎዳናውን ይዘው ከወሎ እስከ አዲስ አበባ ስለ መጡ ቀይ መስቀል እነርሱን ለመርዳት ይደክም ነበር። ስለዚህ ዋና ከተማው አልሰማም ማለት አይቻልም፤ ረኃቡ በእግሩ መጥቶ ደጁን መትቷል። በሚያዝያ 1965 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ሥዕሉም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተመልካች ቀረበ። ተማሪዎቹ ተቈጥተው ድምፃቸውን አሰሙ። መምህራንና ተማሪዎች ተባብረው ለረኃብተኛው ርዳታ የሚሰበስብ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ተማሪ ስለ ድኻ የተናገረውን ሁሉ ፖለቲካ ነው ብሎ የማለፍ ልማድ ነበር፤ ነገር ግን እህል ይላክ ብሎ መጮኽ ከፖለቲካ በፊት የነበረ ነገር ነው።

ዝምታው የመንግሥት ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊው ጃክ ሼፐርድ በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በአዲስ አበባ የነበሩ የሀብታም አገሮች መልእክተኞችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሹማምንት ነገሩን ያውቁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን ላለማሳፈር ሲሉ ዝም አሉ። ባለ ጸጋው ዓለም እህልም መርከብም ነበረው፤ ይሉኝታ ግን ያዘው። ይሉኝታ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ጠባይ ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ጎዳናው እንመለስ። በሕንድ አገር ተወልዶ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድኽነትና ስለ ረኃብ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ለወሎ ረኃብ ሰጥቷል። ያገኘው ነገር እስከዚያ ድረስ ይታመን የነበረውን የሚያፈርስ ነው። በዚያ ዓመት በመላ ኢትዮጵያ የጎደለው ምርት ከመቶ 7 እጅ ያህል ብቻ ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ይህን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ጥቂት እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። ሰው እየሞተ የእህል ዋጋ እንዴት አይወደድም? መልሱ ቀላልና የሚያሳዝን ነው። ዋጋን የሚያስወድደው የሚገዛ ሰው መሻማት ነው፤ የተራበው ገበሬ ግን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ቀድሞም የሚበላው ከእርሻው እንጂ ከገበያ አልነበረም፤ እርሻው በከሸፈ ጊዜ እህሉም ገንዘቡም በአንድ ቀን ጠፉበት። ነጋዴውም እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ላከው። ገበያ የሚሰማው የብርን ድምፅ ነው፤ የሆድን ጩኸት የሚሰማበት ጆሮ አልተፈጠረለትም።

ከመርሳ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው ቆላም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የአፋር ከብት አርቢ በበጋ ወራት የሚጠጋበት የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ ድርቁ ሲመጣ ከብቱን የሚያሸሽበት ሣር አጣ። ጥጡና ስኳሩ ለአገሩ ሀብት መሆኑ አይካድም። የአንዱ ሀብት ሲጨምር የሌላው መጠጊያ እንደ ጠበበ የመዘገበ መሥሪያ ቤት መኖሩ ግን ያጠራጥራል።

የሟቹ ቁጥር በትክክል አይታወቅም፤ ልዩ ልዩ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ድረስ ገምተውታል። በግምቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ያህላል። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያ በኋላ ርዳታው ጎረፈ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው መጸው ወሎን ጎበኙ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋራ ተቀላቅሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንዲሉ፣ ያች ሌሊት ሁለቱን በአንድ መስኮት አሳየች።

ያን ሥዕል ያሳዩት ሰዎች ራሳቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ምን አደረጉ? የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ረኃብ እየመጣ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ። ከድግሱ 40 ቀን ያህል ቆይቶ በጥቅምት፣ ያን ጊዜ በወሎ ሥር የነበረው የኮረም መጠለያ ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ። የሰባ ሰባቱን ነገር በሰፊው የጻፉ ብዙዎች ስለሆኑ እኛ ከዚህ አናልፍም።

ነገር ግን ከእነዚህ መከራዎች ምንም አልተማርንም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ1970ዎቹ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተቋቋመ፤ ከመጋዘኖቹም አንዱ በዚሁ ጎዳና ላይ በኮምቦልቻ ተሠራ። በመርሳና በወልድያ መካከል ያለው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ሲያጥር የሚደርሱ የማሽላ ዓይነቶችን አወጣ፤ ከእነዚህም አንዱ በዚያው በሀብሩ አገር ስም «ጊራና አንድ» ተብሏል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬው «ሴፍቲኔት» የሚለው ሥራ ተጀመረ። በዚህ ሥራ የተመዘገበ ችግረኛ እርከንና መንገድ ሠርቶ፣ መሥራት የማይችለውም እንዲሁ፣ በታወቀ ወር የታወቀ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። እኛ ከሁሉ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ነገር ብልህነት ያለበት ይመስለናል። ምክንያቱም የተራበው ሰው ወደ ጎዳና ወርዶ መታየት ሳያስፈልገው ስሙ አስቀድሞ ተጽፏል። በእርግጥ ማን ይመዝገብ ማን ይቅር በሚለው ነገር በየቀበሌው ክርክር ሳይነሣ አይቀርም፤ ቢሆንም ክርክሩ የሚነሣው በሕይወት ባሉ ሰዎች ስም ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ መርሳና ወልድያ ሌላ ፈተና አይተዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ከኮረም፣ ከአላማጣና ከቆቦ በኩል የሸሸው ሕዝብ በዚሁ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረደ። የወልድያ ሰው ቤቱን ከፈተ፤ ጓዳውን አካፈለ። በነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ያስጠጋውና የተጠጋው አብረው ተሰደዱ፤ መርሳም አልቀረችም። ደሴ በትምህርት ቤቶቿ ሳይቀር ስደተኛውን ተቀበለች፤ በጥቅምት 2014 እርሷም ተራዋ ደረሰ። እንግዳ ተቀባዩ በሁለት ወር ውስጥ ራሱ የእግዜር እንግዳ ሆኖ ከሌላው ደጅ ቆመ። «የኔ ቢጤ» የሚለውን ቃል ያወጡት ሰዎች ይህን የመሰለ ዘመን ያዩ ኖረዋል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በታኅሣሥ 2014 ሕዝቡ ወደ ከተማው ሲመለስ ዕቃው ተዘርፎ፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ ተጎድቶ አገኘው። ይሁንና በሀብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው ስፍራ ለተፈናቃዮች መጠለያ ተዘርግቶ፣ ከየአገሩ የሸሹ ብዙ ሰዎች ተጠግተውበታል። ራሱ ገና ያላገገመው የአካባቢው ሕዝብ እነዚህን ሰዎች ጎረቤት አድርጎ ተቀበለ። ስማቸው ተጻፈ፤ እህልም በስማቸው ይመጣ ጀመር።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ግን የርዳታው እህል ለማይገባቸው ሰዎች እየደረሰ ነው በማለት፣ የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ እደላውን አቆሙ። የሰረቀ ሰው ካለ መመርመሩና መቀጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርመራው እስኪጨርስ የጾመው ሰራቂው አልነበረም። የአሜሪካው ርዳታ በአገሩ በሞላ እንደገና ይሰጥ የጀመረው ግማሽ ዓመት ያህል ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ነው። የወረ ኢሉ ደብዳቤ የቆየበትን ቀን አንድ ትጉህ ሊቅ ቆጥሮ 302 ብሎ አኑሮልናል፤ በሀብሩ መጠለያም በየቀኑ ጣቱን እያጠፈ የቆጠረ ሰው ካለ፣ ቁጥሩን ከአፉ ተቀብሎ የሚጽፍ ጸሓፊ ሳይመሽ ቢሄድለት እንወዳለን።